መጠጥ ላቆመ ሰው የድባቴ መድኃኒት፦ ለእህታችን ጥያቄ የቀረበ መልስ

እህቴ፣ መጠጥ ካቆሙ ሁለት ወር እንደሆነዎት፣ ድባቴው ስላልለቀቀዎ ሐኪም ሰርትራሊን እንዳዘዘልዎ፣ ስፖንሰርዎ (በመጠጥ አቋሚዎች ማኅበር ውስጥ የምትደግፍዎት፣ ቀድማ ያቆመች አባል) ግን «ኪኒን ከጀመርሽ ንጹሕ ነኝ ማለት አትችዪም» እንዳለችዎ ጽፈዋል። እኔ መጠጥ ከተውሁ ዓመታት ያለፉኝ፣ ከእነዚህም አብዛኞቹን ይህንኑ መድኃኒት እየወሰድሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሐኪም ስላልሆንሁ ስለ መጠኑ አልናገርም፤ ስፖንሰርዎ ግን በዚህ ጉዳይ ተሳስታለች።

ሰርትራሊን ወይም ተመሳሳዩን ፍሉኦክሰቲን የሚወስድ ሰው ኪኒኑን እንደዋጠ ሞቅ አይለውም፣ ሌላ ልጨምር ብሎ አይጎመጅም፣ ከቤተሰቡ ተደብቆም አይገዛውም። እንዲያውም ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ ብዙ ሰው ተሰላችቶ ይተወዋል። እኔን መጀመሪያ ያገኘኝ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ መዛባት ነበር፤ መሻሻሉንም ከእኔ በፊት ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። ፈንጠዝያ አልመጣልኝም፤ ጠዋት ተነሥቶ ፊት መታጠብ እንደ ዳገት መክበዱ ግን ቀረ። ለወሲብ ያለኝ ፍላጎትም ቀንሶ ነበር፤ ይህን ማንም ስለማይነግርዎ እኔ ልንገርዎ፤ ለሐኪም ቢያነሡት መፍትሔ ይፈለግለታል።

ሰውን የሚያሳስተው መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው ማዞር፣ መነጫነጭና በጭንቅላት ውስጥ ውል የሚል የኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ስሜት ነው። ይህ ሰውነት መልመዱን እንጂ ሱስን አያሳይም፤ ሐኪሙም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያስቆማል። ዳያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ግን ሌላ ነገር ነው። መጠጥ በተቋረጠባቸው የመጀመሪያ ቀናት የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ለመከላከል በሐኪም ክትትል ይሰጣል፤ ሲቆይ ግን ራሱ ሱስ ስለሚያስይዝ እንደ እኛ ያለ ሰው ሊጠነቀቀው ይገባል። ስፖንሰርዎ የሁለቱን ታሪክ ቀላቅላ ሰምታ ይሆናል።

ይልቁን እኔን ያሳሰበኝ መጠጡን ለሐኪሙ ነግረውት እንደሆነ አለመጻፍዎ ነው። በአገራችን፣ በተለይ ለሴት፣ ድባቴውን መናገር ከመጠጡ ይቀላል። ይሁን እንጂ አልኮል ራሱ ድባቴ ያመጣል፤ ብዙ ጊዜም መጠጡ በቆመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየለቀቀ ስለሚሄድ አንዳንድ ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት መጠበቅን ይመርጣል። ድባቴው ከመጠጡ በፊት የነበረ ከሆነ፣ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን መጠበቁ ራሱ አደገኛ ነው። መድኃኒቱም የሚመረጠው በዚሁ ታሪክ ነው፦ አሚትሪፕቲሊን የተባለው ሌላ የድባቴ መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ከባድ ድንዛዜ ያመጣል፣ ከመጠን ካለፈም ልብን ይጎዳል። ሰርትራሊን ደግሞ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ሲወሰድ የጨጓራ መድማትን ስለሚያባብስ፣ መጠጥ ጨጓራዎን ጎድቶት ከሆነ ይህንንም ይንገሩት።

ስፖንሰርዎ የማኅበሩን ስም ከጠራች፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ኤ ኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ) የተባለውን የመጠጥ አቋሚዎች ማኅበር ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ቢል ዊልሰን መጠጥ ካቆመ በኋላ ለዓመታት በከባድ ድባቴ መሠቃየቱን ያስታውሷት። ማኅበሩም ራሱ ባሳተመው ጽሑፍ ማንም አባል እንደ ሐኪም ሆኖ ሌላውን መድኃኒት አቁም እንዳይል ያሳስባል። ከቤተሰብ «ጸበል ከጀመርሽ ኪኒኑን ተዪ» የሚልም አይጠፋም። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ለድባቴስ ለምን ይከፋል? በጾም ወራት ባዶ ሆድ ላይ ካቅለሸለሸዎት ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ እኔ እንደዚያ አድርጌ ተስማምቶኛል።

የበዓል ሰሞን ደግሞ ብዙዎችን አስቷል። ዛሬ ኪኒኑን ልዝለልና ጠላ ልቅመስ የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ አንድ ቀን መዝለል መድኃኒቱን ከሰውነት አያወጣውም፣ የተቀመሰው ጠላ ግን ወደ አረቄው ይመልሳል። አይበለውና ቢያገረሽብዎ በማግሥቱ ለሐኪሙ ይደውሉለት እንጂ አፍረው መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ።