በፎቶግራፍ የተለጠፈ ዋጋ ለዓይነ ስውር ደንበኛ

የጅማ በርጩማ የሚሸጡበት ድረ ገጽ ለዓይነ ስውሩ ደንበኛዎ ዋጋ የማያነብለት፣ ዝርዝሩን በፎቶግራፍ ስለለጠፉት ነው። ስክሪን አንባቢው (ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም) ፎቶውን ብዙውን ጊዜ «ምስል» ብሎ ያልፈዋል።

1. ዋጋውን ገጹ ላይ በዩኒኮድ ፊደል፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ እንደ ጽሑፍ በሚያውቁት መደበኛ ፊደል፣ ይጻፉት።
2. ለበርጩማዎቹ ፎቶ አማራጭ ጽሑፍ (ስክሪን አንባቢው በፎቶው ፋንታ የሚያነበው መግለጫ) ይስጡ። «ፎቶ 3» ለማንም አይጠቅምም፤ «ባለሦስት እግር በርጩማ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ» ቢባል ግን ደንበኛው በእጁ የዳሰሰው ያህል ይሆንለታል።
3. ስክሪን አንባቢው በምን ቋንቋ እንደሚያነብ እንዲያውቅ፣ በገጹ ኮድ ውስጥ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ያስመዝግቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የራሴን ገጽ ጨረስኩ ብዬ ከተኩራራሁ በኋላ ስልኬ ላይ ቶክባክን (የአንድሮይድ ስልክ ስክሪን አንባቢ) ከፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ለማዘዝ ሞከርኩ። የጋሪ ሥዕል ብቻ ያለበትን የማዘዣ ቁልፍ ስነካው «ቁልፍ» አለኝና ዝም። ስም አልሰጠሁትም ነበር። እርስዎም ደንበኛው ከመድረሱ በፊት እንዲሁ ይሞክሩት።