ለ3 ቀን 17 ቦታ፦ ፍልሰታ በስቶክሆልም

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። ከተጋባን 10 ዓመት ሊሞላን ስለሆነ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለ3 ቀን ስቶክሆልም ልንሄድ ቲኬት ቆርጠናል። ባለቤቴ የምናያቸውን ቦታዎች ዝርዝር አውጥቷል። ቆጠርኩት፣ 17 ነው። እኔ ደግሞ እጁን ይዤ ቀስ እያልኩ መዞር ነው ያማረኝ። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፣ ሁለታችንም እንጾማለን። ምን ይሻለናል? ዝርዝሩን ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። እርስዎ ግን እንዳላዩ ይሁኑልኝ።

ት. ነኝ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ

እህቴ፣ የባልሽን ዝርዝር አየሁት። ጎበዝ ሰው ነው፣ ሰዓቱን ሳይቀር ጽፏል። ግን ይቅር ይበለኝና ይሄ የሽርሽር አይደለም፣ የፖስተኛ ዝርዝር ነው። እዚህ ከተማ አውቶቡስ ስነዳ 14 ዓመቴ ነው። በመስታወቱ ስንቱን ባልና ሚስት አየሁ መሰለሽ፣ ካርታ ላይ አፍጥጠው ሲጨቃጨቁ ፌርማታቸው የሚያልፋቸው።

የሚሰረዘውን አስቀድመን እንሰርዝ። ቁጥር 6 «ዶክተር ዐቢይ ኖቤል የተቀበሉበት አዳራሽ» ይላል። እሱ እዚህ የለም፣ ኦስሎ ነው። የሰላም ሽልማቱ ብቻ ኖርዌይ ይሰጣል፣ የቀሩት እዚህ። የእኛ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ያለው በየዓመቱ የኖቤል እራት የሚበላበት «ሰማያዊው አዳራሽ» ነው። እሱም ቢሆን ሰማያዊ አይደለም! አርክቴክቱ ራግናር ኤስትበሪ ሰማያዊ ሊያደርገው አስቦ ነበር። የጡቡን ቅላት ሲያየው ሳሳለትና ተወው፣ ስሙ ግን እንደነበረ ቀረ። ውስጡን ማየት የሚቻለው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። እኔ ብሆን ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ ከውጭ አየዋለሁ።

ቫሳን ግን እንዳትነኩት። ንጉሥ ጉስታቭ 2ኛ አዶልፍ ያሠሩት የጦር መርከብ ነው፣ 64 መድፍ ተሸክሟል። በፈረንጆቹ 1628 ሕዝቡ ዳር ቆሞ እያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። 1,300 ሜትር ያህል ሄደና ሰመጠ። ከወደቡ እንኳ አልወጣም። ወገቡ ጠባብ፣ ላይ ላዩ ከባድ ነበር። ነፋስ ሲመጣ አጋደለ፤ የታችኞቹ የመድፍ መስኮቶች ክፍት ስለነበሩ ውሃው በእነሱ ገባ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ገና ሳይነሣ 30 ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ ፈትነውት ነበር። 3 ጊዜ እንደሮጡ መርከቡ ሊገለበጥ ደረሰና «በቃ፣ አቁሙ» ተባለ። ንጉሡ ከጦር ሜዳ «ቶሎ ይነሣ» እያሉ ይጽፋሉ፣ አይሆንም ብሎ የሚመልስላቸው ጠፋ። እንዲህ ዓይነት መሥሪያ ቤት እኔም ሠርቼ አውቃለሁ።

የባልቲክ ውሃ ጨዉ ትንሽ ስለሆነ መርከብ የሚበላው ትል አይኖርበትም። ስለዚህ ከ333 ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ መርከቡ ከነገላው ወጣ። ሙዚየሙ ጨለምለም ያለ ነው። ቀና ስትሉ የሚዘል አንበሳ የተቀረጸበት አፍንጫው ከላያችሁ ነው። በበጋ የሚከፈተው ከጠዋቱ 2፡30 ነው፣ እናንተ ፍራንክፈርቶች 8፡30 የምትሉት። በሩ ሲከፈት እዚያ ሁኑ። እኔ በዚያ ሰዓት ነው የምወደው፣ አስጎብኚዎች ባንዲራቸውን ይዘው ሳይመጡ።

አሁን ደግሞ ባልሽ የረሳትን አንዲት ነገር ልጨምር። በአሮጌው ከተማ በጋምላ ስታን፣ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ስቱርሽርካን የሚባል ካቴድራል አለ። ለጎብኚ መግቢያ ያስከፍላል፣ ክፈሉ። ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረሱ ላይ ሆኖ ሰይፉን አንሥቷል። ከ1489 ጀምሮ ያለ የእንጨት ሐውልት ነው፣ የሠራውም በርንት ኖትከ የተባለ ሰው። ደራጎኑን ጠጋ ብላችሁ እዩት። እሾህ የመሰለው ሁሉ የእውነት ቀንድ ነው፣ ኤልክ ከሚባለው ትልቅ የጫካ አጋዘን የተወሰደ። ከሥሩ የበላቸው ሰዎች አጥንት ተበትኗል። የእኛዋ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ነው የምትሣለው፤ የእነሱዋ ግን ለብቻዋ ተንበርክካለች፣ አጠገቧ በግ አለ።

አማቴ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ወሰድኳቸው። ነጠላቸውን አጣፉና ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ይሄ የእኛው ጊዮርጊስ አይደል እንዴ? እዚህ ብርድ ውስጥ ምን አመጣው?» አሉኝ። ያመጣውስ ጦርነት ነው። ስቴን ስቱሬ የሚባል የአገሩ ገዥ በ1471 ብሩንኬበሪ ላይ የዴንማርኩን ንጉሥ ድል ነሣ፣ ሐውልቱንም ያሠራው እሱ ነው። ይሄን ስነግራቸው «እንደ ዓድዋ በለኛ» ብለው ተሳለሙ።

ከዚያ ስትወጡ ሞርተን ትሮትሲግ የምትባለውን መንገድ ፈልጉ። 36 ደረጃ አላት፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ስፋቷ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። እጅ ለእጅ መያያዝ አምሮሻል አይደል? እዚያ ፊትና ኋላ ሆናችሁ ነው የምትያያዙት።

ወደ ጾሙ ልምጣ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ጉድ ሆኛለሁ። እኚሁ አማቴ የመጡት በፍልሰታ ነበር። ፊካ ሳይሉማ ስዊድንን አዩ አይባልም ብዬ (ፊካ ማለት ቁጭ ብሎ ቡና ከሚጣፍጥ ነገር ጋር ነው) ካኔልቡሌ ገዛሁላቸው፣ ቀረፋ የተጠቀለለበትን ዳቦ። እንቁላል አይታይ፣ ወተት አይታይ፣ ዳቦ ነው አልኩ። ሁለት በሉ፣ መረቁኝም። ማታ ባለቤቴ ስትሰማ ራሷን ያዘች። ለካ ሊጡም ቅቤ፣ መሃሉም ቅቤ ነው! አማቴ አዲስ አበባ ለንስሐ አባታቸው ደወሉ፣ እኔን ለሁለት ቀን አላናገሩኝም።

ስለዚህ «ቬጋንስክ» የምትለዋን ቃል በቃላችሁ ያዙ፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የሌለበት ማለት ነው። ማኪያቶ ካማራችሁ በአጃ ወተት ይሠሩላችኋል፣ «ሀቭረምዮልክ» በሉ። ምሳ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። በሥራ ቀን «ዳገንስ ሬት» የሚሉት የቀኑ ምግብ ከነሰላጣው፣ ከነዳቦውና ከነቡናው በደህና ዋጋ ይገኛል። ግን ብዙ ቦታ 8 ሰዓት ላይ ያበቃል። እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ያመልጣችኋል፣ ያኔ ፈላፈል ይሻላል። በየሰፈሩ አለ፣ ያጠግባል። ማታ በያይነቱ የሚሠሩ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም አይጠፉም።

ስለ ትራንስፖርት እንደ ሹፌር ልናገር። ከአርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ፈጣኑ ባቡር በ18 ደቂቃ ያደርሳችኋል፣ ኪስ ግን ይጎዳል። 583 ቁጥር አውቶቡስ ይዛችሁ ሜሽታ ውረዱ፣ ከዚያ በከተማው ባቡር ግቡ። በተራው ቲኬት ነው የሚሄደው። በስልካችሁ የ72 ሰዓት ቲኬት ግዙ፣ ለየራሳችሁ። ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ እኔ አውቶቡስ ላይ ብትወጡ፣ የአገሬ ልጆች ናችሁ ብዬ እንኳ ልቀበላችሁ አልችልም።

በዚያው ቲኬት ጀልባም ትሳፈራላችሁ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ባለቤቴ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ላስደስታት ብዬ የቱሪስት ጀልባ ያዝኩ። የጆሮ ማዳመጫ ሰጡን፣ ወደ ሁለት ሰዓት ዞርን፣ እሷ ግማሹን ተኝታ አለፈች። በማግስቱ ከስሉሰን ወደ ዩርጎርደን ደሴት፣ ቫሳ ወዳለበት፣ 82 ቁጥሩን ጀልባ ያዝን። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ፊት ለፊት ብረቱን ይዛ ቆመች፣ ሻሿን ነፋስ ይዞት ሊሄድ ደረሰ። «ይሄኛውስ ስንት ነው?» አለችኝ። «በአውቶቡስ ቲኬት ነው» አልኳት። የትናንቱን ሒሳብ አስባ ስታየኝ!

እናንተም የመጨረሻውን ምሽት ለእሷ ጀልባ ተዉላት። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሂዱባት፣ ተመለሱባት፣ ካሻችሁ ድገሙ፣ ቲኬቱ አይቆጥርም። የባልሽን ስልክ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ዝርዝሩን በተመለከተ፣ እኔ ምንም አላየሁም።