ከሒሳብ መዝገብ ወደ ኤችአይቪ ወጪ ምደባ፦ ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልን በሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ አለዎት፤ ላለፉት ሦስት ዓመታትም በአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በቋሚ የሒሳብ ሠራተኛነት እያገለገሉ ነው። አሁን ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ ለኤችአይቪ እና ኤድስ መርሐ ግብሮች የወጣውን ገንዘብ ተከታትሎ በየፈርጁ በሚመድብ የጥናት ቡድን ውስጥ የስድስት ወር ሥራ ቀርቦልዎታል። «የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ሥራውም ጊዜያዊ ነው፤ ቁጥር ከመልቀም ያለፈ ሙያ ይሆነኛል ወይስ አስቀድሜ በጤና ኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር?» ሲሉ ጠይቀዋል። ወደ ሙያ ምክር ከመምጣቴ በፊት በእንዲህ ዓይነት ቡድን ውስጥ መረጃ ስሰበስብና ለእያንዳንዱ ወጪ የምደባ ኮድ ስሰጥ ስለቆየሁ፣ የምመልስልዎ በቅርብ ከማውቀው ነው።

አስተያየቴን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ከማኅበርዎ የስድስት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚያገኙ ከሆነ ሥራውን ይቀበሉ። ለዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው የሒሳብ መዝገብን ማንበብ መቻል ነው፤ ያ ደግሞ አለዎት። የሚቀርዎት መዝገቡ የማይናገረውን ነገር መጠየቅ መልመድ ሲሆን፣ ይህም ከትምህርት ገበታ ይልቅ ከሒሳብ ያዦች ጋር ተቀምጦ ሲሠራ የሚገኝ ችሎታ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላብራራ። እርስዎ የለመዱት መዝገብ ወጪን ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ የቢሮ ኪራይ እያለ በሒሳብ መደብ ይለያል። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበትና በባለሙያዎች ዘንድ «ናሳ» እየተባለ የሚጠራው የዩኤንኤድስ (የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር) ብሔራዊ የኤድስ ወጪ ግምገማ ዘዴ ግን ለእያንዳንዱ ግብይት ስድስት ጥያቄዎችን ያቀርባል። ገንዘቡ ከየት መነጨ? በምን ላይ እንዲውል የወሰነው ወኪል ማን ነው? አገልግሎቱን የሰጠው ማን ነው? ለአገልግሎቱ ምን ግብዓት ተገዛ? የተከናወነው ተግባር ምንድን ነው? የታሰበውስ ለየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል ነው? የእርስዎ መዝገብ ከእነዚህ ውስጥ አጥጋቢ መልስ የሚሰጠው ለአራተኛው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተሻሻለው ማዕቀፍ የገቢውን ዓይነት፣ ገንዘቡ የሚቀርብበትን ሥርዓትና አገልግሎቱ የሚሰጥበትን መንገድ ለይቶ በመመዝገብ ጥያቄዎቹን አብዝቷቸዋል፤ አስተሳሰቡ ግን ያው ነው።

በአንድ መንግሥታዊ ሆስፒታል የምትሠራን ነርስ ደመወዝ እንመልከት። ገንዘቡ ኤድስን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ወባን ለመዋጋት ገንዘብ ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ተቋም፣ ከግሎባል ፈንድ፣ ተነሥቶ በጤና ሚኒስቴሩ አማካይነት ሆስፒታሉ ደርሷል እንበል፤ ግብዓቱ ደመወዝ ነው። ነርሷ ጠዋት በቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል ነፍሰ ጡር እናቶችን ስለ ኤችአይቪ ስታማክርና ስትመረምር የምትውልበት ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የናሳ የትርጓሜ መጽሐፍ እንደሚለው፣ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን ለመከላከል በተያዘው ሥር ይገባል፤ ተጠቃሚ ተብለው የሚመዘገቡትም ኤችአይቪ በደማቸው ከሚገኝ እናቶች የተወለዱ ወይም የሚወለዱ ሕፃናት ናቸው። ከሰዓት በኋላ በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክፍል የምትሠራበት ሰዓት በክብካቤና ሕክምና ሥር ይመደባል፤ ተጠቃሚዎቹም ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ይሆናሉ። በቀረው ጊዜ ስለ ሳል ወይም ስለ ቁስል የሚመጡ ሕሙማንን የምታስተናግድ ከሆነ፣ ያ ክፍል ጭራሽ ከቆጠራው ይወጣል። በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ግን ይህ ሁሉ አንድ መስመር ነው። መስመሩን ለመክፈል የሥራ ሰዓትን ወይም የሕሙማንን ቁጥር መሠረት ያደረገ ግምት ያስፈልጋል፤ ግምቱም ሌላ ሰው ተመልሶ እንዲፈትሸው በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

ለማን ወጣ የሚለው ጥያቄ አዲስ ሠራተኞችን በጣም ያስቸግራል። ምደባው የሚመለከተው ገንዘቡ ሲወጣ የታሰበላቸውን ሰዎች ነው፤ በእርግጥ ደርሷቸው እንደሆነ የሽፋንና የውጤት ጥናት የሚመልሰው ሌላ ጉዳይ ነው። ለሴተኛ አዳሪዎች ተብሎ የታተመ በራሪ ወረቀት ግማሹ መጋዘን ቢቀር እንኳ የኅትመቱ ወጪ በእነርሱ ስም ይመዘገባል። ይህንን ልዩነት ካልያዙ፣ ሰንጠረዡ ያልተናገረውን እንደተናገረ አድርገው ሪፖርት ሊጽፉ ይችላሉ።

አንድ አነስተኛ ማኅበር ቢሮ ያሳለፍኩትን ጠዋት ላጫውትዎ። በዓመታዊ መግለጫቸው ላይ «የትራንስፖርት አበል» የሚል አንድ ድምር ነበር። ለምን እንደተከፈለ ሒሳብ ያዧን ስጠይቃት «ትራንስፖርት ትራንስፖርት ነው፤ ሌላ ምን ልበልዎት?» አለችኝ፤ ድምጿ ውስጥ ሥጋት ነበረበት። ኦዲተር እንዳልሆንኩ፣ ስሕተት ለመልቀም እንዳልመጣሁና የማንም ስም እንደማይመዘገብ ረጋ ብዬ ከነገርኳት በኋላ ከመደርደሪያው ሁለት ቦክስ ፋይል አወረደች። ከክፍያ ማዘዣዎቹ ጋር የተያያዙትን የፊርማ ዝርዝሮች አንድ በአንድ ስናገላብጥ ገንዘቡ ለሦስት ነገር ወጥቶ ተገኘ፦ ለአቻ ለአቻ አስተማሪዎች የመስክ ጉዞ፣ የታመሙ ሰዎችን በየቤታቸው ለሚንከባከቡ በጎ ፈቃደኞች፣ እንዲሁም ለማኅበሩ የክትትልና ግምገማ ሠራተኛ። የመጀመሪያው መከላከል፣ ሁለተኛው ክብካቤና ሕክምና፣ ሦስተኛው የመርሐ ግብር አስተዳደር ነው። ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ያለዚያ ሁለት ሰዓት ግን የማኅበሩ የዓመት ድካም በአንድ የተሳሳተ ሳጥን ውስጥ ይቀበር ነበር።

ጊዜ ሲያጥር ሁሉንም «ያልተዘረዘረ» በሚለው ኮድ ውስጥ የመጣል ፈተና ይመጣል። በዚህ ላይ አጥብቄ የምመክርዎ ነገር አለ። በምደባው ውስጥ በ98 የሚያልቁ ኮዶች ዝርዝር መረጃ ለጠፋበት ወጪ ሲሆኑ፣ በ99 የሚያልቁት ደግሞ ምንነቱ ታውቆ በምደባው ውስጥ ቦታ ላልተገኘለት ወጪ ናቸው። ሁለቱን የሚያምታታ ሠራተኛ የራሱን የመረጃ ጉድለት የምደባው ጉድለት አስመስሎ ያቀርባል። መረጃው በእውነት ከሌለ በ98 መመዝገብ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳይጠይቁ መመዝገቡ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ በመሆንዎ ከጤና ባለሙያዎች ቀድመው የሚገቡበት ደግሞ ድርብ ቆጠራን መከላከል ነው። አንድ ለጋሽ 100,000 ዶላር ለአንድ ወኪል ድርጅት ሰጠ እንበል፤ ወኪሉ 8,000ውን ለራሱ አስተዳደር አውሎ 92,000ውን ለአንድ ማኅበር አስተላለፈ፤ ማኅበሩም በበጀት ዓመቱ 85,000 አወጣ። ሦስቱ ቢሮዎች የሚሰጡዎትን ቁጥር ዝም ብለው ቢደምሩ 277,000 ይሆናል። እውነተኛው ወጪ ግን 93,000 ነው፤ 7,000ው ገና በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጧል። ወኪሉ ለራሱ ያዋለው 8,000 እንደ መርሐ ግብር አስተዳደር፣ ወኪሉም ራሱ እንደ አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ይመዘገባል። የለጋሹን፣ የወኪሉንና የአገልግሎት ሰጪውን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር የሥራው ትልቁ ድርሻ ሲሆን፣ የተመደበ በጀትን፣ የተለቀቀ ገንዘብንና የወጣ ገንዘብን ለይቶ ማየትም ከዚሁ የሚመጣ ነው። በዓይነት የተሰጡ እንደ ኮንዶምና መመርመሪያ ያሉ ዕቃዎች በገንዘብ ተተምነው እንደሚገቡም አይዘንጉ።

የጤና ዕውቀት ማነስ ያሳሰበዎት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሆኖም የሚፈለገው ልክ ውስን ነው። ለምሳሌ ግሎባል ፈንድ በ2023 ዶሉቴግራቪር የተባለው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የተካተተበትን፣ ሕክምና ሲጀመር የሚሰጠውን (የአንደኛ ደረጃ) መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት ከ45 ዶላር በታች ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። እርስዎ የሠሩት ሰንጠረዥ የመድኃኒት ግዢውን በሕክምና ላይ ላሉት ሰዎች ቁጥር ሲያካፍሉት 300 ዶላር ቢያወጣ፣ አንድ ነገር እንደተሳሳተ ያውቃሉ፤ የላቦራቶሪ ወጪ ተቀላቅሎ፣ የሁለት ዓመት ክምችት በአንድ ዓመት ተመዝግቦ ወይም አንድ ግዢ ሁለቴ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ፍተሻ ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የመርሐ ግብር ሪፖርቶችን በትጋት ማንበብ ይበቃል።

«ቁጥር ከመልቀም ያለፈ ነው ወይ?» ላሉት ከዚህ የበለጠ መልስ የምሰጥዎ ወቅቱን ጠቅሼ ነው። በ2021 የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ባወጡት የፖለቲካ መግለጫ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለኤችአይቪ የሚውለውን ገንዘብ እስከ 2025 በዓመት ወደ 29 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገብተው ነበር፤ ዩኤንኤድስ እንደገለጸው በ2024 የተገኘው 18.7 ቢሊዮን ነው። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባገደ ጊዜ በየአገሩ የተነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን ነርስ፣ የትኛውን ምርመራ፣ የትኛውን የመከላከል ሥራ የሚከፍለው ማን ነበር?» የሚል ነው። ከምንጭ እስከ ተጠቃሚ የተከተለ የወጪ ሰንጠረዥ በእጁ ያለው አገር ለዚህ መልስ ነበረው፤ የሌለው በችኮላ መገመት ግድ ሆነበት። የሚሠሩት ሥራ መድኃኒታቸውን በየቀኑ ለሚወስዱ ሰዎች እስከዚህ ድረስ ይቀርባል።

የሥራውን ድካም ግን አልደብቅዎትም። ግምገማው በየዓመቱ አይካሄድም፤ ብዙ ጊዜም ራሱ በለጋሽ ገንዘብ የሚሠራ ስለሆነ ቡድኑ ሪፖርቱ ሲያልቅ ይበተናል። ስለዚህ ሙያውን በኤችአይቪ ብቻ እንዳይወስኑት። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) እና ዩሮስታት (የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት) በጋራ ያዘጋጁት የ2011 (እ.ኤ.አ.) የጤና ሒሳብ ሥርዓት አጠቃላይ የጤና ወጪን በበሽታ ጭምር ለመለየት የሚያገለግል ሲሆን፣ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት የሚደረግ የትምህርት ድጋፍን ወይም የሕግ ድጋፍን የመሳሰሉ ከጤና ውጪ ያሉ ወጪዎችን እንደ ናሳ አያካትትም። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በፋይናንስ መሥሪያ ቤቶች የመርሐ ግብር በጀት ክፍሎችም ይህን ችሎታ ይፈልጉታል።

ሁለተኛ ዲግሪውን ለጊዜው ያቆዩት። ስድስት ወር ከሠሩ በኋላ ያወጣነው ገንዘብ ተገቢውን ውጤት አስገኝቷል ወይ የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ከነሣዎት፣ ያን ጊዜ ጤና ኢኮኖሚክስ ቦታው ነው፤ የሚጽፉበት ጉዳይም በእጅዎ ይኖራል።

ማኅበርዎ ፈቃድ ካልሰጠዎትና ቤተሰብ በደመወዝዎ የሚተዳደር ከሆነ ግን ቋሚ ሥራዎን እንዲለቁ አልመክርም። ከተቀበሉት ደግሞ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ መረጃ ሰብስበው ብቻ እንዳይመለሱ ኮድ በመስጠቱ ሥራም እንዲሳተፉ፣ እንዲሁም ባለድርሻ አካላት ረቂቁን በሚያዩበት የማረጋገጫ ስብሰባ ላይ እንዲገኙ። ሰንጠረዡ በጥያቄ የሚፈተነውና ሠራተኛው በእውነት የሚማረው በዚያ ስብሰባ ላይ ነው።

እስከዚያው ድረስ በዚህ ሳምንት የሚሠሩት ነገር ልስጥዎ። ከማኅበርዎ የአምናው መዝገብ፣ ኃላፊዎን አስፈቅደው፣ 30 የወጪ መስመሮችን ይምረጡ፤ በኤክሴል ላይ ስድስት ዓምድ ከፍተው ከላይ የዘረዘርኳቸውን ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ መስመር ይመልሱ። መመለስ ያቃተዎትን በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ከጎኑም መልሱን ከማን ጠይቀው ሊያገኙ እንደሚችሉ ይጻፉ። ከቡድኑ ጋር ለመነጋገር ሲጠሩ የማንም ስም የማይታይበትን ያን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ «ምን ልምድ አለዎት?» ሲሉዎት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡላቸውና በቀለም ካመለከቱት መስመር ይጀምሩ።