የአማርኛ ሰነድ በማሽን ይተርጎም ወይስ በሰው? ጥያቄዎቻችሁን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለኢሚግሬሽን የሚገቡ የአማርኛ ሰነዶችን መተርጎም ሥራዬ ነው። የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ውክልና። ሰሞኑን "ቻትጂፒቲ እያለ ለምን እንከፍላለን?" የሚለው በዛብኝ። ዛሬ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የልጄን የልደት ካርድ ስልኬ ተርጉሞልኛል፤ እንግሊዝኛው ቆንጆ ነው። በቃ ላስገባው?

መልስ፦ ቆይ እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን እዪው። አንድ አባት ይዞልኝ የመጣው ወረቀት ልጁ ታኅሣሥ 25 ቀን 1998 ዓ.ም. ተወለደ ይላል። ማሽኑ "ዲሴምበር 25፣ 1998" ብሎት ቁጭ! ትክክለኛው ጃንዋሪ 3፣ 2006 ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ልጅ የሚባለው ያላገባና ከ21 ዓመት በታች የሆነ ነው፤ እንግዲህ ይቺ አንዲት መስመር ልጁን ሰባት ዓመት አስረጅታ ከአባቱ ፋይል ልታስወጣው ትችላለች። "ሰባት ደምሬ እጨርሳለሁ" ማለትም አያዋጣም፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚደመረው ስምንት ነው። ስሞቹንም እዪ። ፀሐይ የምትባል እናት ሰማይ ላይ ያለችው ፀሐይ ሆና አግኝቻለሁ።

ጥያቄ፦ ኖተሪ ግድ ነው?

መልስ፦ ለዩኤስሲአይኤስ፣ ማለትም ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ አይደለም። የሚፈልገው ሙሉ ትርጉምና ተርጓሚው "ሙሉና ትክክል ነው፣ ለመተርጎምም ብቁ ነኝ" ብሎ የፈረመበት ማረጋገጫ ነው። ሙሉ ማለት ማኅተሙም፣ ቲተሩም፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የተጫረውም ጭምር።

ጥያቄ፦ እርስዎ ራስዎ በማሽን አይጠቀሙም?

መልስ፦ እጠቀማለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። በኮምፒውተር የተጻፈ የሃያ ገጽ ውሳኔ ሲመጣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ያወጣልኛል፣ ድካም ይቀንስልኛል። ከዚያ ግን ዋናውን በግራ፣ ትርጉሙን በቀኝ አድርጌ መስመር በመስመር በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። ባለፈው ወር ክብ ማኅተም ልክ ቀኑ ላይ ያረፈበት የጋብቻ ወረቀት መጣ። ቁጥሩ 3 ይሁን 8 አይለይም። ማሽኑ ምንም ሳያመነታ 8 አለ። እኔ ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፌ በብርሃን አየሁት፣ አልለይ ሲለኝ ባለጉዳዩን ደውዬ ሌላ ማስረጃ ጠየቅሁ፣ በመጨረሻ ትርጉሙ ላይ "አይነበብም" ብዬ ጻፍኩ። "አይነበብም" ብሎ መጻፍ የሥራው ትልቁ ክፍል ነው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ። ፊርማው የእኔ ነዋ!

ጥያቄ፦ ወንድሜ አዲስ አበባ ያለውን ቤቴን እንዲሸጥልኝ ውክልናውን እንደ ቻትጂፒቲ ባለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ላርቅቀው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። "ንብረቴን ሁሉ በእኔ ስም ሆኖ እንዲያስተዳድር" የሚል ቃል ለጆሮ ሁሉንም የጠቀለለ ይመስላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ ቁጥር 2205ን ተመልከት። "እንዲሸጥ" የሚለው ቃል ራሱ በግልጽ መኖር አለበት። ከመፈረምህ በፊት አገር ቤት ላለ ጠበቃ አሳየው፣ አለዚያ ወረቀቱ እዚያ ደርሶ ይመለስብሃል።

ጥያቄ፦ ጠበቆችም እኮ ይጠቀሙበታል።

መልስ፦ አዎ፣ በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች እየጠቀሱ ለፍርድ ቤት አስገብተው ዳኛ ካስቴል 5,000 ዶላር ቀጥተዋቸዋል። ያስቀጣቸው በመሣሪያው መጠቀማቸው አልነበረም። የፈረሙበትን አላጣሩም፣ ጥያቄ ሲነሳም ሙጭጭ አሉ።

ጥያቄ፦ የጥገኝነት ቃሌን ነፃ አፕ ላይ ብለጥፈውስ?

መልስ፦ እባክሽ አታድርጊው። እዚያ ውስጥ የደረሰብሽ ነገር ብቻ አይደለም ያለው፤ አገር ቤት የቀሩ ሰዎች ስም፣ ሰፈር፣ የታሰሩበት ቦታ አለ። የምትለጥፊው ጽሑፍ የት እንደሚቀመጥ ሳታውቂ ለምን? አቅም ካጠረሽ ስደተኞችን በነፃ የሚረዱ የሕግ ድርጅቶችን ጠይቂ፣ ብዙዎቹ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። እሱም ካልሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።