ወንድምሽ ከወናፉ ይጀምር

እህቴ፣ ታናሽ ወንድምሽ ብረት ቅጥቀጣ ሊማር አስቦ «ጅማ ውስጥ ኮሌጅ ይግባ ወይስ ባለሙያ ጋር ይጠጋ?» ብለሻል። ያለፍኩበት ስለሆነ ልንገርሽ።

1. ባለሙያ ጋር ይጠጋ። ኮሌጅ ብየዳና ልኬት ያስተምራል፤ በኋላ ይደርስበታል። ማረሻና ገጀራ የሚለመደው ግን እሳት ዳር ነው።

2. ወናፍ ንፋ ሲሉት ቅር አይበለው። ብዙ ልጅ «መዶሻ መቼ ነው የምይዘው?» እያለ እዚህ ላይ ነው የሚጠፋው። ወናፍ የሚነፋ ልጅ ቀኑን ሙሉ የብረቱን ቀለም ያያል። ሙያው ያ ነው። እኔን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ብዙ አይናገሩም። ከመኪና ባሌስትራ ገጀራ ቀጥቅጠው ሲጨርሱ እንደገና ያግሉትና ስለቱን ብቻ ይነክሩታል። ቶሎ ብለው በድንጋይ ፈግፍገው ያነጡታል። ከጀርባው የቀረው ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ስለቱ ይመጣል። የነጣው ስለት ገለባማ ቢጫ ሲሆን መላውን ውሃ ውስጥ! ሰማያዊ እስኪሆን ከቆየ ስለቱ ይለሰልሳል። ቢጫው ሳይመጣ ከተቸኮለ ደግሞ እንጨት ላይ ይሸረፋል። ይህን በቃል አልነገሩኝም። ክንዴን ያዝ አድርገው «አሁን እይ» ነው የሚሉኝ።

ደግሞ ባለሙያዎቹ በቀላሉ ሰው አያስጠጉም፤ አይፈረድባቸውም። ቱምቱ (በኦሮምኛ ቀጥቃጭ) እየተባሉ ተገልለው፣ ሙያውን ከአባት ለልጅ እያወረሱ የኖሩ ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን ዛሬም አለ። የኔም ዘመዶች «ከቡዳ ጋር ትውላለህ» ብለውኛል። አሁን ሐሙስ ገበያ ላይ የኔን ማረሻ ነው የሚገዙት።

ያንገበገበኝ ግን ቢሮው ነው። የመሥሪያ ቦታ ልጠይቅ ብሄድ ሰውዬው «የት ተማርክ?» አለኝ። «ባለሙያ ጋር» ስለው ሳቀ። «ይሄማ ትምህርት አይደለም» ብሎ ማመልከቻዬን ገፋው። የሠራሁትን ማጭድ ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጥለት ቀና ብሎም አላየው። ስንት ጊዜ ካመላለሰኝ በኋላ ነው ኮሌጅ ያልገባ ሰውም ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ፈተና፣ መፈተን እንደሚችል ከሌላ ሰው የሰማሁት። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ ወረቀቱን ወስጄ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩለት። ወንድምሽ ሥራው እጁ እንደገባ ይፈተን። ቢሮ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን እኔ ጋር ሁለት ልጆች ይማራሉ፤ አንዷ ሴት ናት። ቀለም በመለየት ከኔ ትበልጣለች። ወንድምሽም ከፈለገ ይምጣ። ናይሎን ልብስ ለብሶ እንዳይመጣ ብቻ፤ ፍንጣሪ ካረፈበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።