«ደም» ብሎ ከመጻፍ በፊት

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ የፎረንሲክ፣ ማለትም የወንጀል ማስረጃን በሳይንስ የሚመረምር ባለሙያ ለመሆን ቆርጣለች። ቤተ ሙከራችን ግን ባዶ ክፍል ነው ቢባል ይቀላል። ከምን እናስጀምራት?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ከወንጀል ምርመራ ቤተ ሙከራ በጡረታ ከተሰናበትኩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታ ውስጥ የሰፈሬን ተማሪዎች ስለማስጠና ጥያቄዎ አዲስ አልሆነብኝም። የትምህርቱ ጉዳይ ባጭሩ ያልቃል፤ በቅድሚያ ኬሚስትሪ ወይም ባዮሎጂ በዲግሪ ትማር፣ ፎረንሲኩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የአስከሬን ምርመራ ከሆነ የሳባት ግን መንገዱ በሕክምና ትምህርት በኩል ነው።

የሚከብደው ሌላው ነው። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ እድፍ ያለበት እርጥብ ጨርቅ ሰጥቼው ወረቀቱ ላይ «ደም» ብሎ ጻፈ። አሰርዤ «ቡናማ እድፍ፣ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር» አስባልኩት፤ እድፉ የዝገት ነበር። ፌኖልፍታሊን በተባለ ኬሚካል የሚሠራው የካስል ማየር የደም ምርመራ እንኳ በሰከንዶች ውስጥ ሮዝ ቢሆን፣ ምናልባት ደም ነው ከማለት አያልፍም፤ የአንዳንድ ተክሎች ጭማቂም ያንኑ ቀለም ያመጣል፣ የሰው ይሁን የበሬም አይለይም።

ይኸው ልጅ ጨርቁን ፌስታል ውስጥ ከተተው። እርጥበት ታፍኖ ሲቀር ሻጋታና ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ስለሚያበላሹት፣ ጨርቁ በንጹሕ ቦታ ደርቆ በወረቀት ፖስታ መታሸግ፣ ማን ለማን መቼ እንዳስረከበውም በፊርማ መስፈር አለበት፤ አለበለዚያ ጠበቃው «በመሃል ማን እጅ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፣ ይገባዋልም።

ለሙከራው ገንዘብ አያስፈልግም። ከተለያዩ ፋብሪካዎች በወጡ ጥቁር ስክሪብቶዎች ማጣሪያ ወረቀት ላይ ነጥብ አድርጋ፣ ነጥቦቹ ከፈሳሹ በላይ እንዲቀሩ የወረቀቱን ጫፍ ብቻ አልኮል ውስጥ ታቁም። አንዱ ጥቁር ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ሊበተን፣ ሌላው በሌላ መልክ ሊለያይ ይችላል፤ ቼክ ላይ በኋላ የተጨመረች አንዲት ዜሮም የምትጋለጠው በዚህ መሠረተ ሐሳብ ነው።

ተማሪዋ ሙያው ወንጀለኛ ማሳደድ ብቻ ከመሰላት የእንግሊዛዊውን ሳይንቲስት የአሌክ ጄፍሪስን ታሪክ ይንገሯት። በ1984 እ.ኤ.አ. በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የደረሰበት የዲኤንኤ አሻራ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለግድያ ምርመራ ሲውል መጀመሪያ ያደረገው፣ አንዱን ግድያ ፈጽሜያለሁ ብሎ ያመነ ወጣትን ነጻ ማውጣት ነው።

ደብተሯን በእርሳስ ሳይሆን በስክሪብቶ ትያዝ፤ ስትሳሳትም የተሰረዘው እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ሰርዛ አጠገቡ ትፈርምበት።