ሁለት ሰርቨር ሲጣላ ማን ያስታርቅ?

ለገጣፎ አንድ የአርክቴክቸር ቢሮ ውስጥ አይቲ ላይ የምትሠራ አንባቢ እንዲህ ጽፋልኛለች፦

«ጋሼ፣ ሁለት ሰርቨር አለን። አንዱ ግራውንድ፣ አንዱ ሁለተኛ ፎቅ ነው። በግላስተር (አንድን ፋይል በየሰርቨሩ የሚያባዛ ሶፍትዌር) አያይዤ ፋይሎቹ ሁለቱም ላይ እንዲቀመጡ አድርጌያለሁ። ሠራተኛው በሳምባ (የሰርቨሩን ፎልደር በኔትወርክ የሚያጋራ ፕሮግራም) ይገባል፤ እያንዳንዱ ፎቅ በየራሱ ሰርቨር። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ አንዳንድ የአውቶካድ ፋይሎች አልከፈት አሉ። "ኢንፑት አውትፑት ኤረር" ይላል። ሰርቨሮቹ ግን ዩፒኤስ ስላላቸው አልጠፉም። አንደኛውን ኮፒ ላጥፋው?»

እህቴ፣ እባክሽ ምንም እንዳታጠፊ። ሁለቱም ኮፒ ውስጥ የሰው ልፋት አለ።

ሰርቨሮቹ አልጠፉም ብለሻል። ሁለቱን ፎቅ የሚያገናኘው ስዊችስ? ሄደሽ እዪው። ዩፒኤስ ላይ ካልተሰካ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። መብራት ሲሄድ ስዊቹ ጠፋ። ሰርቨሮቹ ተለያዩ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ግን ሥራውን አላቆመም። ታች ያለው ታች ሴቭ አደረገ፣ ላይ ያለው ላይ። መብራት ሲመጣ ሁለቱም ሰርቨር «ትክክለኛው የኔ ነው» አሉ። ግላስተር መምረጥ ስለማይችል ፋይሉን ቆለፈው። ይሄ ስፕሊት ብሬን ይባላል። መቆለፉ ደግ ነው፤ በራሱ መርጦ ቢሆን ኖሮ የአንዱ ፎቅ ሥራ ሳታውቁት ይጠፋ ነበር።

አሁን ሳምባን ሁለቱም ሰርቨር ላይ አቁሚ። ሰው ያጉረምርም፣ ግድ የለም። ከዚያ በግላስተር የሂል ኢንፎ ትዕዛዝ ስፕሊት ብሬን ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ዝርዝር አውጪ። ዝርዝሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፋይል ከሁለቱም ብሪክ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርጊ። ብሪክ ማለት ግላስተር ፋይሉን የሚያስቀምጥበት ራሱ ፎልደሩ ነው። ከብሪክ ማንበብ ብቻ ነው የተፈቀደልሽ። ብሪክ ውስጥ ገብተሽ መጻፍም ማጥፋትም አይሆንም።

ምርጫው ላይ ትንሽ ልቆይ። ግላስተር አቋራጭ ይሰጥሻል፦ በሰዓት የመጨረሻውን ውሰድ፣ ወይም በመጠን ትልቁን ውሰድ። ሁለቱንም አላምናቸውም። አንድ ጊዜ ሱሉልታ ላይ የመጨረሻውን ብዬ መረጥኩ። ለካ አንዱ ሠራተኛ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ደረጃውን ሲስል ቆይቶ ሴቭ አድርጓል። ሌላው ደግሞ 8 ሰዓት ከ20 ላይ የቆየውን ፋይል ከፍቶ አንድ ጽሑፍ ብቻ አስተካክሏል። የመጨረሻው ያ ነበር። የሁለት ሰዓት ስዕል ሄደ። መጠንም ያታልላል፤ አውቶካድ ላይ ፐርጅ የተደረገ (ጥቅም ላይ ያልዋለው ነገር የተራገፈለት) ፋይል ሥራው ሳይቀንስ መጠኑ ይቀንሳል።

ስለዚህ ሁለቱን ኮፒ ክፈቺና የሳለውን ሰው አጠገብሽ አስቀምጪ። የሚያውቀው እሱ ነው። ከተወሰነ በኋላ ሶርስ ብሪክ በሚለው አማራጭ ለያንዳንዱ ፋይል የትኛው ሰርቨር እንደሚታመን ለግላስተር ንገሪው። የተሸነፈውን ኮፒም አትጣይው። ሳምባ ሲመለስ በሌላ ስም በሼሩ በኩል መልሺው።

ይሄ ለዛሬው ነው። ሥሩ ግን ሌላ ነው። ቮልዩሙን (ብሪኮቹ ተጣምረው የሚሆኑትን አንድ ማከማቻ) በሁለት ኮፒ ስትፈጥሪ ግላስተር ለስፕሊት ብሬን የተጋለጠ ነው ብሎ አስጠንቅቆሽ ይሆናል። አብዛኞቻችን «ዋይ» (የእንግሊዝኛው y፣ አዎ) ብለን እናልፈዋለን። ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ ሰርቨርም እንደዚያው ነው። ግላስተር ይህን ሽማግሌ አርቢተር ይለዋል። የፋይሉን ስምና ሁኔታ ብቻ ይይዛል፣ ይዘቱን አይዝም። ለአንድ ሚሊዮን ፋይል 4 ጊጋባይት ገደማ ይበቃዋል። ጥግ የወደቀች አሮጌ ዴስክቶፕ ትሆናለች፤ ዲስኳ ጤነኛ ይሁን እንጂ። ከመጨመርሽ በፊት ሂል ኢንፎ ሁሉም ብሪክ ላይ ዜሮ፣ ማለትም ያልተስተካከለ ፋይል እንደሌለ፣ ማሳየቱን አረጋግጪ።

አርቢተሩን ግራውንድ ካስቀመጥሽው፣ ግንኙነት ሲቋረጥ ሁለት ለአንድ ይሆናል። ግራውንድ ይሠራል፣ ሁለተኛ ፎቅ መጻፍ ይከለከላል። ለአለቆችሽ ይሄን አስቀድመሽ ንገሪ። ለአንድ ሰዓት ሥራ መፍታት ሥራ ከመጥፋት ይሻላል።

ሌላም አለ። ሁለቱ ሳምባዎች በሲቲዲቢ (የትኛው ፋይል እንደተያዘ እርስ በርስ የሚያሳውቃቸው ፕሮግራም) ካልተያያዙ አንዱ የቆለፈውን ፋይል ሌላው አያውቅም። ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ቀን እንኳ ሁለት ሰው አንድ ፕላን ከፍቶ አንዱ የሌላውን ሊደመስስ ይችላል። አርቢተሩ ይህን አያድንም። ቀጥሎ ሲቲዲቢን አስገቢ።

ስዊቹንም ዛሬውኑ ዩፒኤስ ላይ ሰኪው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሲወጣ፣ ፎቆቹን የሚያገናኘውን ኬብል ንቀዪ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ የሙከራ ፋይል ሴቭ ለማድረግ ሞክሪ። ለ42 ሰከንድ ያህል ድርቅ ይላል፤ ግላስተር ያንን ያህል ይጠብቃል፣ አትደንግጪ። ከዚያ «አይቻልም» ካለሽ ልክ ነው። ከተቀበለሽ ግን ሰኞ ሰው ሳይገባ ጻፊልኝ።